የአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ቡድኖች፤ ስለ ቅርጫት ኳስና ስለ ዋና የተነገረ



ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚላከው ፊደል እንዲቈጥርና ሒሳብ እንዲያውቅ ብቻ አይደለም፤ አካሉ እንዲጠነክር፤ ከባልንጀራው ጋራ ተስማምቶ መሥራትን እንዲለምድ፤ ሲያሸንፍ እንዳይታበይ፤ ሲሸነፍም ተስፋ እንዳይቈርጥ ጭምር ነው። ስለዚህ ጨዋታ ከትምህርት ውጭ የኾነ ትርፍ ነገር ሳይኾን ራሱ የትምህርት ክፍል ነው። የዛሬው ንግግር፤ በጭሮ ወይም በሌላው የምዕራብ ሐረርጌ ከተማ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስና የዋና ቡድን ላቋቁም ብሎ ቢነሣ፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ ምን እንደሚገጥመው የሚያስረዳ ነው። አንደኛው ቡድን በእጅ ባለው ነገር ሊቆም ይችላል። ሁለተኛው ግን ይቸግራል፤ ዳሩ ግን ነገሩ የዋንጫ ብቻ ሳይኾን የሕይወት ስለ ኾነ ቸገረ ተብሎ ሊተው አይገባውም።

ጭሮ፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ እያለ የሚጠራት ከተማ፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን የአውራጃው ዋና ከተማ አድርገው ያቋቋሟት ናት። እኚህ ሰው በሩስያ የተማሩ፤ የመዠመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉ፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትንም ያረቀቁ ሲኾኑ፤ ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ የምትኾን አገር እንድትባል ይመኙ ነበር። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በተራሮች መካከል ትገኛለች። አየሩ ለጤና የተስማማ፤ ምድሩም ለቡናና ለጫት የተመቸ ነው፤ ነገር ግን አገሩ ዐቀበትና ቍልቍለት ስለ ኾነ ሜዳ የሚባለው ነገር ውድ ነው። ይህንም ነገር አድማጭ በልቡ ይያዘው፤ ዝቅ ብሎ ያስፈልጋልና።

በመዠመሪያ ስለ ቅርጫት ኳስ። ይህ ጨዋታ የተፈጠረው በታኅሣሥ ወር 1884 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። በዚያ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር መምህራን የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ነበረ። ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል በካናዳ የተወለደ መምህር፤ ብርዱ ከቤት መውጣት የከለከላቸውን ተማሮች የሚያጫውትበት ነገር ቢያጣ፤ ሁለት የኮክ ቅርጫት በአዳራሹ ሰገነት ላይ በወዲያና በወዲህ ሰቅሎ፤ 13 ሕግ ጽፎ፤ ዐሥራ ስምንቱን ልጆች ዘጠኝ ለዘጠኝ አጋጠማቸው። ቅርጫቱ የተሰቀለበት ከፍታ 10 ጫማ ነበር፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ ቀለበቱ የሚሰቀለው በዚያው ልክ፤ ማለት በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የቅርጫቱም ታች ድፍን ነበርና ኳስ በገባ ቍጥር ሰው ወጥቶ ያወርደው ነበር። እንግዲህ ዛሬ በታላላቅ አዳራሾች በብዙ ገንዘብ የሚታየው ጨዋታ፤ በተፈጠረበት ቀን ሀብቱ ሁለት ቅርጫትና አንድ ኳስ ብቻ እንደ ነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ኢትዮጵያም በገባ ጊዜ መንገዱ ያው የትምህርት ቤትና የወጣቶች ማኅበር መንገድ ነው። በአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ወወክማ እያለ የሚጠራው ይኸው ማኅበር ለብዙ ወጣት የቅርጫት ኳስ ማስተማሪያ ኾነ። በ1955 ዓ.ም.ም የሰላም ጓድ የሚባሉት የአሜሪካ ወጣቶች መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማር ሲዠምሩ፤ ከክፍል ትምህርት በኋላ የአገራቸውን ጨዋታ ያሳዩ ብዙዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ሜዳው ነገር እንመለስ ቢባል፤ ሒሳቡ እነኾ። በዓለም ውድድር የተለመደው የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 7,140 ካሬ ሜትር ይኾናል። የቅርጫት ኳስ ሜዳ ግን 28 ሜትር በ15 ሜትር ስለ ኾነ ስፋቱ 420 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ በሚፈልገው ምድር ላይ ዐሥራ ሰባት የቅርጫት ኳስ ሜዳ ይወጣል። ተራራ ለከበባት ከተማ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ቍልቍለቱን ጥቂት ደልድሎ፤ ውሃው የሚወርድበትን ቦይ ቀዶ፤ ሁለት የብረት ምሰሶ ያቆመ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ለመዠመር ይችላል።

ዓመቱም እንዲህ ይኼዳል። በመስከረም የክረምቱ ጭቃ ገና አልደረቀም፤ ስለዚህ የሜዳው ጥገና ይቀድማል። በጥቅምትና በኅዳር ልጆች ይመረጣሉ። ከቡድኑ ዐሥራ ሁለት ልጆች አምስቱ ሲጫወቱ ሰባቱ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ፤ መቀመጥን በትዕግሥት የለመደ ልጅ ደግሞ ለቡድኑ የሚሰጠው ጥቅም ከሚሮጠው አያንስም። ኳስ ማንጠር፤ መቀባበል፤ በአንድ እግር ተተክሎ መዞር፤ እነዚህ ሁሉ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚለመዱ ናቸው። ኳሱን ይዞ መሮጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ኾነ፤ ብቻውን ሊሠራ የሚወድ ልጅ ሳይወድ በግዱ ባልንጀራውን መፈለግ ይማራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ተረት በዚህ ሜዳ ላይ በዓይን ይታያል።

በበጋው ወራት ከሒርና፤ ከገለምሶ፤ ከበዴሳና ከሚኤሶ ትምህርት ቤቶች ጋራ መጋጠም ይቻላል። በዚህ ጊዜ መምህሩ የአገሩን አየር ማወቅ ይገባዋል። ከጭሮ ደጋ ወርዶ በሚኤሶ ቆላ በቀትር የሚጫወት ልጅ ሙቀቱን አልለመደምና፤ ጨዋታው በማለዳ ወይም ፀሐይ ሲያዘነብል እንዲኾን፤ ልጁም በየዕረፍቱ ውሃ እንዲጠጣ ማድረግ ያስፈልጋል። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ በሰኔ ደግሞ ፈተና አለ። ከክፍል የቀረ ልጅ ከሜዳም ይቅር የሚል ሥርዐት ከመስከረም ዠምሮ ቢጸና፤ ኳሱ የትምህርት ጠላት ሳይኾን ረዳት ይኾናል።

ስለ ሴቶች ልጆችም መናገር ይገባል። ጨዋታው በተፈጠረ በዓመቱ ሴንዳ ቤረንሰን የምትባል መምህርት በስሚዝ ኮሌጅ ለሴቶች አስተምራዋለችና፤ የወንዶች ብቻ የኾነበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። በጭሮ አካባቢ ግን ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ኳስ ሳይኾን የውሃ ጀሪካን ነው። ስለዚህ የሴቶች ቡድን ልምምድ ከትምህርት ሰዓት ሳይርቅ፤ ወላጆችም ሰዓቱን ዐውቀው እንዲኾን ካልተደረገ፤ ቡድኑ በወረቀት ብቻ ይቀራል።

ያች ልጅ ውሃን የምታውቀው በጀርባዋ ሸክም ነው፤ መዋኘትን ግን ማንም አላስተማራትም። በዚህም ንግግሩ ወደ ሁለተኛው ቡድን ይገባል።

በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጃኔሮ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር አልማዝ አያና የ10,000 ሜትር ሩጫን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች። በዚያው ጉባኤ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ በመክፈቻው ሰልፍ ፊት የኼደው ዋናተኛው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ያህል ዋኝቶ በምድቡ መጨረሻ ኾነ፤ አሸናፊው አውስትራልያዊ ካይል ቻልመርስ 47 ሰከንድ ከ58 መቶኛ ነበር የፈጀበት። በዓለም ዙሪያ በወጣቱ ላይ ብዙ ፌዝ ተነገረ፤ ስለ አመራረጡም ብዙ ክርክር ተነሣ። ነገር ግን በአስተዋይ ሰው ፊት ከፌዙ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። ሯጭ በየኰረብታው ይለማመዳል፤ መንገዱን ማንም አይከለክለውም። ዋናተኛ ግን ንጹሕ ውሃ፤ የተለካ ገንዳና የሚጠብቅ አሠልጣኝ ከሕፃንነቱ ዠምሮ ያስፈልገዋል። ብዙ ልጆች በማይዋኙበት አገር ፈጣን ዋናተኛን መጠበቅ ሳይዘሩ ማጨድን እንደ መፈለግ ነው።

የሐረርጌም ውሃ ለዋና የሚታመን አይደለም። ታላቁ የሐረማያ ሐይቅ እንኳ፤ የሐረር ከተማ ትጠጣው የነበረው፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ደርቆ መሬቱ ታይቷል፤ ውሃው መመለስ የዠመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወንዞቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ናቸው፤ በደጋው ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላሉ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን አጥለቅልቆ ከ250 የሚበልጥ ሰው ሞቷል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላልና አገሩ፤ ደረቅ ሸለቆ የሚያታልለው ከሐይቅ ይልቅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ በዓለም በአንድ ዓመት 300,000 የሚያህል ሰው በውሃ ሰጥሞ እንደሚሞት፤ ከዚህም ወደ ሩብ የሚጠጋው አምስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንደ ኾነ ገልጿል። ለትምህርት የደረሱ ልጆች ዋናንና በውሃ አጠገብ መጠንቀቅን እንዲማሩም ይመክራል። እንግዲህ በጭሮ ያለ ትምህርት ቤት ገንዳ የለኝም ብሎ ይህን ትምህርት ሊተው አይችልም።

ታዲያ ምን ያድርግ ቢባል፤ ሁለት ነገር። ፊተኛው ገንዳ የማይፈልግ ነው። ደመና በላይኛው አገር ሲጠቍር ሸለቆ አለማቋረጥ፤ ታናናሾችን በጕድጓድና በኵሬ አጠገብ ብቻቸውን አለመተው፤ ሰው ሲሰጥም ዘሎ ከመግባት ይልቅ ዱላ መዘርጋት፤ ገመድ ወይም ባዶ የተከደነ ጀሪካን መወርወር፤ ጮኾም ሰው መጥራት። ይህ ሁሉ በክፍልና በሜዳ ይለመዳል፤ ስንቱ ደፋር ባልንጀራውን ሊያወጣ ገብቶ አብሮ ሰጥሟልና። ሁለተኛው፤ በዕረፍት ወራት ጥቂት ልጆችንና መምህሮቻቸውን ጠባቂና አሠልጣኝ ወዳለበት፤ እንደ ሶደሬ ወዳለ የፍል ውሃ መዋኛ ልኮ፤ አስቀድሞ በጀርባ ተንሳፎ ትንፋሽን ማደላደል፤ ከዚያም 25 ሜትር ሳያርፉ መዋኘት እንዲማሩ ማድረግ ነው። ጠባቂ በሌለበት ወንዝና ኵሬ ግን ማንም ልጆችን ለልምምድ አያስገባ። ፍጥነትና ዋንጫ ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

እንግዲህ በሰኔ፤ ዓመቱ ሲፈጸም፤ ትምህርት ቤቱ ሁለቱን ቡድኖች በሁለት ሚዛን ይመዝናቸው። የኳሱን ቡድን ሲመዝን ስንት ጊዜ አሸነፈ ብቻ ሳይኾን ከዐሥራ ሁለቱ ስንቱ ፈተናውን አለፈ፤ የሴቶቹስ ቡድን እስከ መጨረሻ ቆመን ብሎ ይጠይቅ። የዋናውን ቡድን ሲመዝን ደግሞ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ስንት ልጅ በውሃ ላይ መንሳፈፍን፤ ስንቱም ገመድ መወርወርን ዐወቀ ብሎ ይቍጠር። የሐምሌ ዝናብ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ይመጣልና፤ በዚያ ጊዜ ልጁ በሸለቆ ዳር የሚገኘው መምህሩ ሳይኖር፤ የተማረውን ብቻ ይዞ ነው።