አዛውንቱ፥ አደባባዩና የዲንሾ አውራ ጎዳና

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። የጡረተኞች መኖሪያ መንደሮችና የአደባባዮቻቸው ደኅንነት በሌላው ዓለም በስፋት የሚጠና ጉዳይ ሆኗል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት «ዘ ቪሌጅስ» የሚባል ሰፊ የጡረተኞች መኖሪያ አለ። የመንገዶቹ መጋጠሚያዎች በብዙ ቦታ አደባባዮች ሲሆኑ፥ ነዋሪዎቹም በአውቶሞቢልና በትንንሽ የጎልፍ ተሽከርካሪዎች ይመላለሱባቸዋል። የዚያ አገር መሐንዲስ የሚጨነቀው መሪ ስለ ጨበጠው አዛውንት ነው፤ ዐይኑ ምልክቱን በጊዜ ያያልን? አንገቱ ወደ ግራ በበቂ ይዞራልን? ይላል።

ዲንሾ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል። በባሌ ደጋ አዛውንቱ የሚኖረው በተለየ መንደር ሳይሆን ከልጆቹና ከልጅ ልጆቹ ጋር ነው። ወደ ገበያ፥ ወደ መስጊድ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ለቅሶና ወደ ሽምግልና የሚሄደውም በአብዛኛው በእግሩ ወይም በፈረስ ነው። መሪ የጨበጠው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ከተማይቱን የማያውቃት፥ ሮቤ ለመድረስ ወይም ሻሸመኔ ለመግባት የቸኮለ አላፊ አግዳሚ።

የቦታውን አቀማመጥ ላስታውስ። ዲንሾ ከሻሸመኔ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤና ወደ ጎባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ከሮቤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤትም የሚገኘው በዚያው ነው። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሟ ከቀድሞው ይበልጥ ይጠራል። አውራ ጎዳናው ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ የጋይሳይን ሣር ሜዳ አቋርጦ ያልፋል፤ የደጋ አጋዘን፥ ከርከሮና ድኩላ የሚሰማሩበት ሜዳ ነው። ከዚያ ሜዳ ወጥቶ የከተማይቱ ቤቶች እስኪጀምሩ ድረስ ሾፌሩን «ፍጥነትህን ቀንስ» የሚለው ነገር ጥቂት ነው። ቀጥ ያለ ለስላሳ አስፋልት የመሐንዲሱ ኩራት ቢሆንም ሾፌሩን የሚያዘናጋውም እርሱው ነው።

አሁን ወደ ቁጥር ልግባ። ሰባት ሜትር ስፋት ያለው ባለ ሁለት መስመር መንገድ እንውሰድ። በንድፍ መመሪያዎቻችን የተለመደው የእግረኛ ፍጥነት በሴኮንድ 1.2 ሜትር ሲሆን፥ በዚህ ስሌት እግረኛው በስድስት ሴኮንድ ውስጥ ይሻገራል። ከዘራ ይዞ፥ ጋቢውን ተከናንቦ የሚሄድ ሽማግሌ ግን በሴኮንድ 0.8 ሜትር ከሄደ መልካም ነው፤ ለመሻገር ዘጠኝ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና 195 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ ሽማግሌው በደኅና ለመሻገር ከሁለት መቶ ሜትር ርቀት የሚመጣውን መኪና አይቶ፥ ፍጥነቱን ገምቶ፥ መወሰን አለበት ማለት ነው። በዲንሾ የክረምት ጉም ሁለት መቶ ሜትር ማን ያያል?

ጉሙ ስድሳ ሜትር ብቻ የሚያሳይ ቢሆን፥ በእርጥብ አስፋልት ላይ በ80 የሚመጣ መኪና ለመቆም ከሰማንያ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሾፌሩ ቢነቃም፥ ፍሬኑ ቢሠራም፥ ሕግ አክባሪ ቢሆንም አይቆምም። ያው መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢመጣ ግን ሃያ ሜትር ሳይሞላ ይቆማል። ከ30 ወደ 60 የጨመረ መኪና የግጭት ጉልበቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ እንደሚሆን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ያረጀ አጥንት ይህን እንደማይችልና የጎባ ሪፈራል ሆስፒታልም ከዲንሾ 45 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚርቅ ብቻ ልጨምር።

የአደባባይ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚታጠፈው መንገድ አውራ ጎዳናውን በሚነካበት ዓይነት ባለ ሦስት አቅጣጫ መጋጠሚያ፥ ተሽከርካሪዎች ሊጋጩባቸው የሚችሉ ዘጠኝ ነጥቦች ይገኛሉ፤ በአደባባይ ሲተካ ስድስት ይሆናሉ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የጠፉት ሦስቱ አንዱ መኪና ሌላውን ጎኑን የሚመታባቸው፥ ሰው የሚሞትባቸው ነጥቦች ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ የሆነ ጥናት ወደ አደባባይ የተለወጡ 24 መጋጠሚያዎችን መርምሮ፥ ጠቅላላው አደጋ በ40 በመቶ ገደማ ሲቀንስ ሰው የቆሰለባቸው አደጋዎች ግን ከ75 በመቶ በላይ መቀነሳቸውን አሳይቷል። ምስጢሩ ክቡ ራሱ አይደለም። መግቢያው ጎበጥ ተደርጎ ስለሚሠራ ሾፌሩ ወደደም ጠላም መሪውን ማዞር፥ ለማዞርም ፍጥነቱን ወደ 30 አካባቢ ማውረድ ይገደዳል። ቀጥ ብሎ የሚታለፍ አደባባይ ጌጥ እንጂ የደኅንነት ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የቅድሚያ ሕግ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1966 ገቢው በክቡ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይስጥ ብለው እስኪደነግጉ ድረስ አደባባዮቻቸው በተሽከርካሪ ብዛት ይታነቁ ነበር። እኛ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለ ተሻገርን ክቡን የምንዞረው በግራ እጃችን አቅጣጫ ነው፤ ገቢው ሾፌርም ወደ ግራ ያያል። ታዲያ ወደ ግራ የሚያይ ሾፌር ከቀኙ የሚነሣውን እግረኛ ይዘነጋል! ማቋረጫውን ከመግቢያው መስመር አንድ የመኪና ርዝመት፥ ማለት ስድስት ሜትር ያህል፥ ወደ ኋላ የምናደርገው ስለዚህ ነው። ሾፌሩ በመጀመሪያ ለእግረኛው ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ግራ ያያል።

በሁለቱ መስመሮች መካከል መቆሚያ ደሴት ከተሠራ ሽማግሌው በአንድ ጊዜ የሚሻገረው ሦስት ሜትር ተኩል ብቻ ነው። አራት ሴኮንድ ተኩል ይበቃዋል፤ በ30 የሚመጣ መኪናም በዚህ ጊዜ 37 ሜትር ያህል ነው የሚጓዘው። ሁለት መቶ ሜትር ማየት የነበረበት ሰው አሁን አርባ ሜትር ቢያይ ይበቃዋል። የደሴቱ ስፋት ግን በመጻሕፍቱ እንደ ተለመደው ሁለት ሜትር ሊሆን አይገባም። ፈረስ ከነሳቢው የሚቆምበት፥ አህያ ከነጭነቱ የሚያርፍበት ሦስት ሜትር ቢሆን ይሻላል።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አዘጋጅቶልናል። «አደባባይ» ስንል ሰው የሚሰበሰብበትን፥ ፍርድ የሚታይበትን፥ በዓል የሚከበርበትን ቦታም፥ መኪና የሚዞርበትን ክብም በአንድ ቃል እንጠራለን። የከተማ ሹም «አደባባይ ይሠራልን» ሲል በዐይነ ሕሊናው የሚታየው መካከሉ ላይ የቆመ ሐውልት፥ አበባና አግዳሚ ወንበር ነው። ሐውልትም አጋዘንም እወዳለሁ፤ አግዳሚ ወንበሩ ግን በክቡ መካከል ከተቀመጠ አዛውንቱን ወደ መኪናው ጅረት እንጋብዛለን። ወንበሩ ከመንገዱ ዳር፥ ከማቋረጫው አጠገብ ይሁን። ደክሞት የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው እዚያ ነውና።

ስለ ኮምባይነር ሳልናገር ባልፍ የባሌ ሰው ይታዘበኛል። የሲናናና የአጋርፋ ስንዴ ሲደርስ የማጨጃ መኪኖቹ በአውራ ጎዳናው ይተላለፋሉ፤ ከእነርሱም ጋር ተሳቢ የያዙ ከባድ መኪኖች። ከውጭ አገር መጽሐፍ የተቀዳ ጠባብ ክብ እነዚህን አያሳልፍም፤ የማያሳልፍ ክብም በአንድ መኸር ጠርዙ ይፈርሳል። መፍትሔው የታወቀ ነው። የውጭው ዲያሜትር ከ30 ሜትር በላይ ይሁን፤ በመካከለኛው ደሴት ዙሪያም ዝቅ ያለ፥ በድንጋይ የተነጠፈ፥ የከባድ መኪና የኋላ ጎማ ሊረግጠው የሚችል ቀለበት ይሠራ። ትንሹ መኪና ስለሚያንገጫግጨው ይሸሸዋል፤ ትልቁ ይጠቀምበታል። የድንበር ምልክቶቹም ተነቃይ ቢሆኑ የኮምባይነሩ ሾፌር ያመሰግነናል።

አደባባይ አይሠራም የሚሉ ባልደረቦች አዲስ አበባን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በመዲናይቱ በርካታ አደባባዮች ፈርሰው በትራፊክ መብራት ተተክተዋል። ምክንያቱ ግን የተሽከርካሪው ብዛት ክቡ ከሚችለው በላይ መሆኑ ነበር፤ ዲንሾ እንዲህ ያለ ችግር የለባትም። መብራት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይጠፋል፤ በቀይ መብራት የሚጥስ ሾፌርም የሚጥሰው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። የትራፊክ ፖሊስ በገበያ ቀን እጅግ ይጠቅማል፤ ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ብርድ ይቁም ማለት ግን አይቻልም። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። ዐይኑ የማያይ ሽማግሌ መኪናው የሚወጣ ይሁን የሚዞር ከድምፁ ብቻ ሊለይ ስለማይችል፥ ለእርሱ አደባባይ ከመብራት የከፋ ሊሆን ይችላል። ማቋረጫውን ከመንገዱ ወለል ከፍ አድርጎ መሥራት በጥቂቱ ይረዳል፤ ሙሉ መልስ ግን አይሆንም። እንደዚሁም ጉም ውስጥ በድንገት ብቅ የሚል መብራት የሌለው ክብ ራሱ አደጋ ነው። ከሁለት መቶ ሜትር በፊት የሚጀምሩ አንገጫጋጭ መስመሮችና ብርሃን የሚያንጸባርቁ ምልክቶች ሳይኖሩ ቢቀር፥ ባይሠራ ይሻላል እላለሁ።

ወጪው ያስፈራናል የምትሉ፥ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ በለገሃር የተደረገውን ታስታውሳላችሁ። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በቀለምና በተንቀሳቃሽ መከለያ የእግረኛው ቦታ ሰፋ፤ የመኪናው መታጠፊያ ጠበበ። ዲንሾም በመጀመሪያ እንዲሁ ትሞከር። ቀለሙ በክረምቱ ዝናብ እንዳይታጠብ ሙከራው ከጥቅምት በኋላ ይጀመር፤ ያን ጊዜ የመኸሩ ከባድ መኪኖችም ስለሚወጡ የክቡን ልክ ራሳቸው ይፈትኑልናል። ከዚያ በፊት ግን ከእኛ ወገን ሁለት ወጣት መሐንዲሶች ሰዓት ይዘው በአንድ የገበያ ቀን ከመንገዱ ዳር ይቀመጡ፤ ሽማግሌዎቹና ባልቴቶቹ ለመሻገር ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅባቸው አንድ በአንድ ይመዝግቡ። እኔ 0.8 ያልሁት ግምት ነው፤ የደሴቱና የማቋረጫው ልክ የሚወጣው ከእነርሱ መዝገብ ይሆናል።