የማን ልጅ ናት?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ስለ ደግነት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጠን የሩቅ አገር ሰዎችን ታሪክ ስንፈልግ ሰነበትን። ከመምህሮቻችን አንዱ ግን «ከደጃችሁ በሚያልፈው መንገድ ላይ የተደረገውን ትታችሁ ወዴት ትሄዳላችሁ?» ብለው ገሠጹን። እኛም አፍረን ተመለስን።

ያ መንገድ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ከአዲስ አበባ መጥቶ ኮምቦልቻን ያቋርጣል፤ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ከደሴም አልፎ ወደ አምባሰል ተራሮች ያደርሳል። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል የሚሄደው ምእመን በየዓመቱ በዚህ ሲጎርፍ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የኮምቦልቻና የደሴ ልጅ በር ላይ ቆሞ እያየ ነው ያደገው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ወደ ግሸን ከተጓዙት መካከል ወይዘሮ አበበች ጎበና የሚባሉ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበሩ። በቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቈጣጣሪ ሆነው ይሠሩ ነበርና ትዳርም ደመወዝም ያላቸው ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን አገራችንን ድርቅ መትቷት፣ ረኃብ የጣለው ሰው በየመንገዱ ዳር ተኝቶ ነበር። ወይዘሮ አበበች በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ብቻ ነው። ያንኑ እየቈረሱና እያጠጡ ሳለ፣ አንዲት ሕፃን የሞተች እናቷን ጡት ለመጥባት ስትታገል አዩ። በአጠገቡ አስከሬን የሚሰበስብ የርዳታ ሠራተኛ ነበርና ስለ ሕፃኗ ጠየቁት። እርሱም እስክትሞት እየጠበቀ መሆኑን፣ ስትሞትም አብሮ እንደሚወስዳት ነገራቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት እንወዳለን። ያ ሠራተኛ ክፉ ሰው ነበር አንልም፤ ብዙ ሬሳ ያነሣ እጅ ይደነዝዛል። ነገር ግን ይህን ታሪክ በክፍላችን ባነበብን ጊዜ አንዱ ጓደኛችን «እኛ ብንሆን ምን እናደርግ ነበር?» ቢል፣ ለጥቂት ጊዜ የመለሰለት አልነበረም። «እግዜር ይማራት» ብለን እናልፍ እንደ ነበር ሁላችንም ልባችን ነግሮናል።

ወይዘሮ አበበች ግን ሕፃኗን አንሥተው ታቀፉ። አንድ በመንገድ ዳር የሚያጣጥር አባትም እኔስ መሞቴ ነው፣ ልጄን አድኚልኝ ብሎ ለመናቸው፤ ያንንም ልጅ ተቀበሉ። የዚያን ጊዜው መንግሥት የረኃቡ ወሬ እንዲሰማ አይወድም ነበርና፣ የራሴ ልጆች ናቸው እያሉ ሸሽገው አዲስ አበባ አስገቧቸው። ዓመቱ ሳይፈጸም በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ።

ባላቸው በመጀመሪያ ደግፈዋቸው ነበር፤ ኋላ ግን ቤቱ በልጆች ሲሞላ ከእኔና ከልጆቹ ምረጪ አሉ። ዘመድ ወዳጁም አእምሮዋ ተነክቷል ይል ጀመር። እርሳቸውም ልጆቹን ይዘው ወጡና ከከተማ ራቅ ባለ ሥፍራ በአንዲት የእንጨት ጎጆ ተቀመጡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ ጠጅ እየጣሉ፣ ያንን በመሸጥ አበሏቸው። የትምህርት ቤት ክፍያ ቢያቅታቸው አስተማሪ ወደ ጎጆው እየመጣ እንዲያስተምርላቸው አደረጉ።

ስለ ልጅነታቸው ጥቂት ብንናገር መልካም ነው። የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ በፍቼ አካባቢ ነው። አባታቸው በጣልያን ወረራ ጦርነት ሲሞቱ እርሳቸው ገና ሕፃን ነበሩ። በ10 ዓመታቸው ግድም ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ፤ ከዚያም ጠፍተው አዲስ አበባ ቢገቡ አንድ ቤተሰብ አስጠጋቸው፤ ትምህርትም ያዩት ያን ጊዜ ነው። የዚያን ቤተሰብ ስም የሚያነሣ ሰው አላገኘንም። በእኛ ግምት ግን በግሸን መንገድ ላይ የተቈረሰው ዳቦ የተቦካው እዚያ ቤት ነው።

ያች ጎጆ ኋላ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያና የልማት ድርጅት ሆነች፤ ብዙ ሺህ ልጆችም ከእርሷ ወጡ። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ዐረፉ።

በዚያው ክረምት ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀለ ሕዝብ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ጎረፈ፤ የትምህርት ቤት ክፍሎችም መጠለያ ሆኑ። እኛ ያን ጊዜ ልጆች ነበርን። እውነቱን ለመናገር፣ በመማሪያ ወንበራችን ላይ የሰው ልብስ ተሰጥቶ ባየን ጊዜ ከማዘን ይልቅ ተቈጣን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ግን ከእኛም ብዙዎቻችን ጓዛችንን ተሸክመን ከማናውቀው ሰው ደጅ ቆምን።

ከክፍላችን ልጆች አንዷ በዚያ ክረምት ከቆቦ ብቻዋን የመጣች ናት። ስሟን እንዳንጠራ ለምናናለች። ለተፈናቃዮቹ ንፍሮ ሊያድሉ የመጡ አንዲት የሰፈራችን እናት፣ ልጅቷ ሳትበላ ጥግ ይዛ መቀመጧን ተመልክተው ወደ ቤታቸው ወሰዷት። በጥቅምት ሲሸሹም እጇን ይዘው ሸሹ፤ ሲመለሱም ይዘዋት ተመለሱ። እኚህ እናት ሙስሊም ናቸው፤ ልጅቷ ክርስቲያን ናት። በጾም ወራት ሽሮዋን ለብቻ ይሠሩላታል፤ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያውን ሾርባ የምትሠራ እርሷ ናት፤ ጨው ታበዛለች ይባላል።

ትምህርት በተከፈተ ጊዜ ሊያስመዘግቧት ይዘዋት መጡ። መዝጋቢው ወረቀቷን አጥተው «የማን ልጅ ናት?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «የኔ ናት እንጂ የማን ትሆናለች!» አሉ። እንዲሁ ተጻፈ።

ዛሬም ከወላጆች መካከል በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ይህን እንደምንናገር አስቀድመን አልነገርናቸውም ነበርና፣ ስንጨርስ ይቈጡናል ብለን እንፈራለን።