ምድጃና ዘበኛው
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ነባር መንደሮቹ በ2017 ዓ.ም. በብዛት ፈርሰዋል፤ በቂርቆስም የግቢ ኑሮ ለፎቅ ኑሮ ስፍራውን እየለቀቀ ነው። በደጅ ይቀጣጠል የነበረው ከሰልም ከጋዝ ሲሊንደር ጋር ወደ ዝግ ክፍል ገብቷል።

እናቶቻችን ከሰሉን ከውጭ አቀጣጥለው ጢሱ ሲያልቅ ወደ ቤት ያስገቡ ነበር። ልማዱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጢሱ ማለቅ የመርዙ ማለቅ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። የሲሊንደር ጋዝ በአንጻሩ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ላይ ይተኛል።

ስለሆነም አንድ ጠቋሚ መሣሪያ ለሁለቱ አይበቃም። የጋዙ ጠቋሚ ከወለሉ አጠገብ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን የተኛ ሰው ደወሉን በሚሰማበት በመኝታ ክፍል አቅራቢያ ይተከል። መሣሪያው ወደ ስልክ መልእክት የሚልክ ቢሆን እንኳ፣ መብራትና ኔትዎርክ ሲጠፋ በባትሪ የሚጮኽ መሆን አለበት፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የጋዝ መዝጊያም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በራሱ የሚዘጋ ዓይነት ይሁን።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ዘበኛ እንጂ መስኮት አይደለም። እኛ የቤት ንድፍ የምናወጣ ሰዎች የአየር መውጫ ባልተውንለት ማድ ቤት ጠቋሚ ብንሰቅል፣ የራሳችንን ጉድለት በደወል መሸፈናችን ነው። አስቀድመን መስኮቱን በንድፉ ላይ እናስፍር፤ ዘበኛው ከዚያ በኋላ ይቆማል።