ፒስታው የማን ነው? በሉማሜና በአካባቢዋ የብስክሌት መስመር ስለ መምረጥ



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ስለ ጠጠር መንገድና ስለ ብስክሌት እናገራለሁ። በአገራችን አስፋልት ያልደረሰበት መንገድ ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጠራል፤ «ፒስታ ነው» የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ በቅሬታ ድምፅ ይነገራል። እኔ ግን ተወልጄ ባደግሁባት በሉማሜና በዙሪያዋ ያለው ፒስታ ሊጠና የሚገባው ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ሀብት የሚጠቅመን ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ሲሟላ ነው፤ መስመሩ ሲመረጥ ከብስክሌተኛው ደስታ በፊት በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው ጥቅም ሊመዘን ይገባል።

ብስክሌት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት እ.ኤ.አ. በ1956 በተካሄደው የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ተወዳድረውላታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የቋንቋችንም ምስክርነት አለ፤ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካቴና፣ ከመነዳሪ የምንላቸው ቃላት፣ ፒስታ ራሱም ጭምር፣ ከጣሊያንኛ ተወስደው ዛሬ የኛው ሆነዋል።

በጠጠር መንገድ ወፈር ያለ ጎማ ባለው ብስክሌት መጓዝ በቅርብ ዓመታት ራሱን የቻለ ስፖርት ሆኗል። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ2022 በጣሊያን በቬኔቶ ተካሂዷል። ለርእሳችን የሚቀርበው ግን የቶስካና ታሪክ ነው። በዚያ ኮረብታማ አገር «ነጭ መንገዶች» የሚባሉት የጠጠር መንገዶች በአስፋልት እየተሸፈኑ መጥፋት ሲጀምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኤሮይካ» የተሰኘ፣ በአሮጌ ብስክሌት የሚደረግ ጉዞ ተመሠረተ። ከዓላማዎቹ አንዱ መንገዶቹን ማዳን ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዛሬ «ስትራዴ ቢያንኬ» ተብሎ የሚታወቀው የፕሮፌሽናሎች ውድድር ተጀመረ። ሰው ንቆት የነበረው መንገድ የአገሩ መታወቂያ ሆነ።

ይህን ልምድ እንዳለ መገልበጥ ግን አንችልም። ለቶስካና ገበሬ ነጭ መንገዱ ካሉት መንገዶች አንዱ ነው። በእኛ ገጠር ግን ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትደርስበት፣ ጤፍ ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ ብዙውን ጊዜ ያ አንዱ ፒስታ ብቻ ነው። ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያገለግል መንገድ ለማገናኘት በተካሄደው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ሰው የደከመውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ለእንግዳ ዓይን ውበት ሲባል አስፋልት አይምጣ ልንል አይገባም። ልንጠይቅ የሚገባን፣ ፒስታው ፒስታ ሆኖ በሚቆይበት ዘመን ለባለቤቶቹ ተጨማሪ ምን ሊያስገኝ ይችላል የሚለውን ነው።

አሁን ወደ መልክዓ ምድሩ ልግባ። የምሥራቅ ጎጃም ቁልፍ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ነው። ሙጋ፣ ጨሞጋና ሌሎችም ወንዞች ከዚያ ተነሥተው፣ ከአንድ ማዕከል እንደሚፈነጥቁ ጨረሮች በየአቅጣጫው ወርደው መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ከዚህ የተነሣ መንገዶቻችን በሁለት ይከፈላሉ። በሁለት ወንዞች መካከል ያለውን ተረተር ይዞ የሚወጣ መንገድ ዳገቱ ረጅም ቢሆንም በእኩል መጠን ይጨምራል። ወንዞቹን እያቋረጠ የሚሄድ መንገድ ግን ያገኘውን ከፍታ በየሸለቆው እየጣለ እንደገና ይገዛዋል። በካርታ ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት መስመሮች በጉልበት ሲመዘኑ እጅግ ይለያያሉ። መስመር የሚያጠና ተማሪ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ጠቅላላ የዳገቱን ድምር መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከነብስክሌቱ 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 1000 ሜትር ሲወጣ፣ የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 785 ኪሎ ጁል ገደማ ሥራ ይሠራል። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው አንድ አራተኛ ያህሉን ስለሆነ፣ ሰውየው 750 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። በዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በ2500 ሜትር ከፍታ የባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ፣ በ4000 ሜትር ደግሞ ሦስት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1000 ሜትር በላይ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው ዳገትም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ ወደ ኬፕ ታውን የሚጓዙ የቱር ዳፍሪክ ብስክሌተኞች በዚሁ አስፋልት አልፈዋል፤ ዳገቱንም በሰዓት እየተለኩ ወጥተውታል። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ያለው አገር ግን በመንገድ ፈላጊ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ጉዳይ አፈር ነው። ሜዳችን በብዛት ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ከጎማ ጋር ይጣበቃል፣ በጎማውና በፍሬኑ መካከል ገብቶ ብስክሌቱን አላንቀሳቅስ ይላል። ጠጠር ያልለበሰ የዋልካ መንገድ ከሰኔ እስከ መስከረም በማንኛውም መስመር ውስጥ ሊገባ አይገባም፤ የእርጥብ መንገድ ጎድጓዳ የጎማ ፈለግ ደርቆ ለእግረኛውና ለአህያው መሰናክል ይሆናልና። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ያ ወቅት ግን የአጨዳና የውቂያ ጊዜም በመሆኑ መንገዱ በጭነት ይጨናነቃል። ስለዚህ በካርታው ላይ የየከተማው የገበያ ቀን መመዝገብ አለበት። በገበያ ቀን ቅድሚያ የሚሰጠው ለተጫነ አህያ ነው።

ሦስተኛው ሰው ነው። አገር አቋርጠው የሚያልፉ ብስክሌተኞች ልጆች «ዩ! ዩ!» እያሉ እንደሚከተሏቸው፣ አልፎ አልፎም ድንጋይ እንደሚወረውሩ ደጋግመው ጽፈዋል። ድንጋይ መወርወር ነውር ነው፤ ይህን ለልጆቻችን መንገር የኛ ፋንታ ነው። ነገር ግን ሰላም ሳይል እንደ ነፋስ የሚያልፍ ሰው ለልጁ ትርኢት እንጂ እንግዳ አይሆንለትም። እንግዳ የሚባለው ወርዶ «እንደምን ዋላችሁ» ያለ፣ ውኃ የተቀበለ፣ በሶውን ገዝቶ የበጠበጠ፣ የተነፈሰ ጎማውን ለሰፈሩ ጎሚስታ የሰጠ ነው። መስመር ስንነድፍ ማረፊያዎቹን በዚህ ዓይን እንምረጥ፤ ገንዘቡ በየት ቦታ በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድመን እንጠይቅ።

ይህን ስናገር ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ዘንግቼ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በዘለቀው ግጭት ምክንያት በእነዚህ መንገዶች ላይ ብስክሌተኛ ቀርቶ ሕመምተኛም እንደ ልብ መጓዝ ተቸግሯል። ሰላም ሳይሰፍን ማንንም ወደ መንገድ አልጋብዝም። ጥናቱ ግን ሊጠብቅ አይገባም። የከፍታ መረጃ ከሳተላይት ይገኛል፤ የአፈር ካርታ ማንበብ ይቻላል፤ በእነዚያ ተረተሮች አህያ እየነዱ ያረጁ ነጋዴዎችና አባቶች ደግሞ ዛሬም በመካከላችን አሉ። የትኛው ዳገት ውኃ እንዳለው፣ የትኛው መሻገሪያ በነሐሴ እንደማያሳልፍ ያውቃሉ። እነርሱ ካለፉ ይህን እውቀት የሚመልስልን መሣሪያ የለም።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ አደራዬ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ፒስታ ሦስት ዓምድ ክፈቱ፤ ዳገቱን፣ አፈሩን፣ ሰዉን መዝግቡ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበትን መስመር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና አልተጠናም በሉት።