ስፒኖች ክሪስታሉን ሲያንቀሳቅሱ



ስለ መግነጢስ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ አተሞቹ ከቦታቸው እንደማይነቃነቁ አድርገን እንነሣለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ አስተምሬአለሁ። ግምቱ ለብረት ብዙም አይጎዳም፤ በኦርጋኒክ መግነጢሳዊ ቁሶች ግን ዋናውን ነገር ይሰውራል። ሞለኪውሎቻቸው የተያያዙት በደካማ ኃይል ስለሆነ ክሪስታሉ ለስላሳ ነው፤ የጎረቤት ስፒኖች መስተጋብርም በመካከላቸው ባለው ርቀት በእጅጉ ይወሰናል።

በ1975 እ.ኤ.አ. ከቴትራታያፉልቫሊንና ከአንድ የመዳብ ኮምፕሌክስ በተሠራ ጨው ላይ የታየውን እንመልከት። ስፒኖቹ በእኩል ርቀት በሰንሰለት ተደርድረዋል። ሙቀቱ ወደ 12 ኬልቪን ሲወርድ ግን ሞለኪውሎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይጠጋጋሉ፤ የየጥንዱ ስፒኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ተሳስረው አንዱ ሌላውን ያጣፋል፤ ቁሱም ለመግነጢሳዊ መስክ የሚሰጠው ምላሽ እየጠፋ ይሄዳል። ይህ የስፒን ፓየርልስ ሽግግር ይባላል።

ክሪስታሉ ቅርጹን ለመለወጥ የመለጠጥ ጉልበት ይከፍላል። ታዲያ ምን ያተርፋል? ወጪው ከመፈናቀሉ 2ኛ ርቢ ጋር፣ መግነጢሳዊው ትርፍ ግን በግምት ከ4/3 ርቢ ጋር ይመጣጠናል። መፈናቀሉ አንድ ሺሕኛ ቢሆን፣ ቋሚ አባዢዎቹን ትተን፣ ወጪው አንድ ሚሊዮንኛ፣ ትርፉ አንድ ዐሥር ሺሕኛ ይሆናል። መፈናቀሉ ባነሰ ቁጥር ትርፉ ከወጪው አብልጦ ይገኛል፤ ስለዚህ እኩል ርቀት ያለው ሰንሰለት በዝቅተኛ ሙቀት ሊጸና አይችልም።

ስለዚህ ስሌት ስትጀምሩ አስቀድማችሁ «አይነቃነቅም» ያላችሁትን ነገር መርምሩ። መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል።