ሊገጠምም ሊፈታም የሚነደፍ መሣሪያ



ላፍቶ ውስጥ በአንድ ወርክሾፕ እሠራ በነበረበት ጊዜ አንድ ኩሽኔታ ለመለወጥ ግድግዳ ያፈረስንበትን ቀን አልረሳውም። ኩሽኔታውን መለወጥ የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር፤ ዳሩ ግን ዘንጉ ተስቦ የሚወጣበት ቦታ ስላልታሰበ ሦስት ቀን ፈጀ። ጥፋቱ የመካኒኩ ሳይሆን ማሽኑ የሚተከልበትን ቦታ የነደፍነው የእኛ የመሐንዲሶቹ ነበር።

ዛሬ ስለ ሲ ኤም ኤስ ለመናገር የመረጥሁትም ስለዚሁ ነው። ሲ ኤም ኤስ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር በሚገኘው የሰርን ተቋም፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው የቅንጣት ማፋጠኛ ላይ ከተተከሉት መመርመሪያዎች አንዱ ነው። ርዝመቱ 21 ሜትር፣ ቁመቱ 15 ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 14,000 ቶን ይደርሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. የሂግስ ቅንጣት መገኘቱ ሲበሠር፣ አትላስ ከተባለው መመርመሪያ ጋር ማስረጃ ያቀረበው ይኸው ነው።

የነዳፊዎቹ ፈተና ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶችን ማስታረቅ ነበር። ከግጭቱ አጠገብ ቁስ ጠላት ነው፤ ቅንጣቱ በመንገዱ የሚያገኘው ነገር ሁሉ አካሄዱን ያዛባበታልና። ስለሆነም የውስጡ መመርመሪያ ቀላልና ጠንካራ በሆነ የካርቦን ክር መዋቅር ተደግፏል። ከውጭ ግን ብረት የግድ ነው፤ 3.8 ቴስላ ለሚደርሰው የመግነጢስ መስክ የመመለሻ መንገድ የሚሰጠው እሱ ነው። ማግኔቱ ሲሠራ የጫፎቹ የብረት ክበቦች በሺዎች ቶን በሚቆጠር ጉልበት ወደ ውስጥ ይሳባሉ። መዋቅሩ እንግዲህ የራሱን ክብደት ብቻ ሳይሆን ይህንንም መሸከም አለበት። ከአንዱ ክፍል ናስ ከፊሉ የተገኘው ደግሞ ከሩሲያ ባሕር ኃይል አሮጌ የመድፍ ቀለሆች ነው፤ ለጥፋት የተሠራው ለዕውቀት ዋለ።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን አከፋፈሉ ነው። መሣሪያው እንደ ዳቦ በ15 ትላልቅ ክፍሎች ተቆርጦ ተነደፈ። የምድር ውስጡ አዳራሽ ገና ሲቆፈር ክፍሎቹ ላይ ሆነው ተገጣጠሙ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወረዱ። ወደ 2,000 ቶን የሚመዝነው ማእከላዊ ክፍል በየካቲት 2007 እ.ኤ.አ. 100 ሜትር ያህል ሲወርድ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር የነበረው ክፍተት 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ ጉዞውም ወደ 10 ሰዓት ወሰደ።

ይህ አከፋፈል ለመትከል ብቻ አልጠቀመም። ክፍሎቹ በተጨመቀ አየር በትንሹ ተነሥተው ስለሚንሸራተቱ መሣሪያው ይከፈታል። በ2017 እ.ኤ.አ. የውስጠኛው መመርመሪያ በአዲስ ሲተካ ቀሪው አካል መፍረስ አላስፈለገውም።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ እኛ የምንነድፈው ፓምፕ ወይም ወፍጮ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መለዋወጫ ዘግይቶ በሚደርስበት አገር አንድ ማሽን የቆመበት ቀን ሁሉ የሰው እንጀራ ነው። ስለዚህ ንድፉን ከመፈረማችን በፊት «እንዴት ይገባል?» ብለን እንደምንጠይቅ ሁሉ «እንዴት ይወጣል?» ብለንም እንጠይቅ። መልሱ በወረቀቱ ላይ ካልተገኘ በኋላ በመዶሻ የሚፈለገው በግድግዳው ላይ ነው።