የግርግሙ ባለቤቶች

እሱ፦ ዛሬ ገናን ሪያድ ወስደን እናየዋለን። ታኅሣሥ 29 እዚያ በዓል አይደለም፤ ደወል የሚሰማበት ቤተ ክርስቲያንም የለም።

እሷ፦ እዚያ ካሉት እህቶቻችን ብዙዎቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ለሌላው ሥጋ እየቀቀሉ እነሱ ይጾማሉ።

እሱ፦ ወደ ልደቱ ሥዕል እንስሳት ልምጣ። ሪያድ ግመል ትወዳለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚካሄደው የንጉሥ አብዱልአዚዝ ፌስቲቫል ግመል በቁንጅና ይወዳደራል፤ 2024ንም የግመል ዓመት ብለውት ነበር። ኢሳይያስ በምዕራፍ 60 ወርቅና ዕጣን ይዘው ስለሚመጡ ግመሎች ያነሣል። ማቴዎስ ግን ሰብአ ሰገል በምን እንደመጡ አልጻፈም።

እሷ፦ ሉቃስም እኮ በሬና አህያ አይጠቅስም! ግርግም ብቻ ነው ያለው። ሥዕሉ ላይ የምናያቸው ከኢሳይያስ ምዕራፍ 1 የመጡ ናቸው፤ እነሱ ጌታቸውን ሲለዩ ሕዝቡ ግን አምላኩን ዘነጋ ብሎ የወቀሰበት ነው።

እሱ፦ ሕፃኑን በትንፋሻቸው አሞቁት እንላለን። ሳይታዩ ማገልገል፣ ልክ እንደነዚያ እህቶች…

እሷ፦ ቆይ ቆይ! ሠራተኛን ከጭነት አህያ ጋር እንዳታስተካክልብኝ። “ታገሺ” የሚለውን ስብከት ጠግበውታል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው፦ ግርግም የእንስሳቱ ገበታ ነው። የሚበሉበትን ለእንግዳ ለቀቁ። ይሄ እኛን ይመለከታል፤ ከሪያድ ባዶ እጇን ለተመለሰች ልጅ ቤታችን ቦታ አለ?

እሱ፦ የላከችውን ገንዘብ ግን ቆጥረን እንቀበላለን።

እሷ፦ እሱንማ! የበግ ዋጋ ሲወደድ ቀድመን የምንደውለው ለእሷ ነው።